እንደ ነፍስ አባት ያመንኳት ሴትዮ

አእምሮ ያጠራል ወደተባለው ማኅበር የወሰደችኝ ልጄ ናት። እዚያ አንዲት ሴትዮ በር ዘግታ «የሆድሽን ንገሪኝ» ስትለኝ፣ እንደ ነፍስ አባት ምስጢር የምትጠብቅ መስሎኝ ሁሉን ተናዘዝኩላት። ልጄን ስጸንስ ላስወርዳት መድኃኒት መጠጣቴን እንኳ አልደበቅኩም። ኋላ ፈርቼ ማኅበሩን ተውኩ፤ ልጄ ግን እዚያው ቀረች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ልጄን መንገድ ላይ አገኘኋት። ልስማት ስጠጋ ሸሸችኝ።

«ከማኅበሩ ከወጣ ሰው ጋር አንነጋገርም» አለችኝ።

«እናትሽ እኮ ነኝ!»

«መድኃኒቱን ስትጠጪም እናቴ ነበርሽ? ነግረውኛል።»

ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ ነበር። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

አሁን የነፍስ አባቴ «ልጄ፣ ምን ሆነሻል?» ሲሉኝ፣ «ደህና ነኝ አባ» ብዬ መስቀላቸውን ስሜ እሄዳለሁ።