እጅ ጠረጴዛ ላይ

ልጅ ሆኜ ናዝሬት ስማር ጉብዝና የሚለካው በጣት ነበር። መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ ጣቱን እያጮኸ «ቲቸር እኔ፣ ቲቸር እኔ» ያለ ጎበዝ ነው፤ መልሱን ይወቀው አይወቀው በኋላ ይታያል። በዚህ ደግሞ ከጎኔ የሚቀመጠውን ቶላን የሚያክል አልነበረም። የጋሪ ነጂው የጋሽ ደበሌ ልጅ፣ የአጥር ጎረቤታችን ነው። እጁ ከአፉ፣ አፉ ከሐሳቡ ይቀድማል።

ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ የሒሳብ መምህራችን ጋሽ ንጉሤ ይህን ልማድ ከለከሉን። ጥያቄ ሲመጣ ሁለት እጅ ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይን ጨፈን፣ ትንፋሽን ማዳመጥ። «መጀመሪያ የተጠየቃችሁት ምን እንደሆነ አስቡ፤ ቀጥሎ መልሳችሁ ምን እንደሚያስከትል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉን ነበር። እኛማ እንስቅባቸው ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ ግሎ፣ የጠመኔው ሽታ ከላባችን ጋር ተቀላቅሎ፣ በዚያ ሐሩር ዓይን መጨፈን እንቅልፍ እንጂ ሐሳብ አያመጣም።

ያን ጊዜ ቤታችን ሌላ ጭንቅ ነበረበት። ወላጆቼ ጴንጤዎች ናቸው፤ ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ እሑድ ከሰዓት እኛ ሳሎን ይሰበሰባሉ። መስኮቱ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ። አባዬ ቢያዝ ምን እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም፤ ግን አውቅ ነበር። ከሰፈራችን ቀደም ብለው በዚሁ ምክንያት የተወሰዱ አንድ ሰውዬ እስከዚያን ጊዜ አልተመለሱም።

አንድ ቀን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የቀበሌው ካድሬ ገባ። በሩን ዘግቶ ተደገፈው። ከኪሱ አዲስ ስክሪብቶ አወጣና «በሰፈራችሁ እሑድ እሑድ ተደብቀው የሚዘምሩ አሉ። የማን ቤት ነው? የመለሰ ጎበዝ ይቺን ይወስዳል» አለ። የእኔ ቦታ ከግድግዳው ጥግ ነው፤ ለመውጣት ቶላን ማለፍ አለብኝ። መዝሙራችንን ከአጥሩ ማዶ የሚሰማው ደግሞ እሱ ነው። ስለ ጉዳዩ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ጣቶቹ ሲነሱ አየሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ጋሽ ንጉሤ ከሰሌዳው ሳይዞሩ፣ እንደ ዘወትሩ «እጅ ጠረጴዛ ላይ» አሉ።

ቶላ እጁን መለሰና ዓይኑን ጨፈነ፤ እኔ መጨፈንም አቃተኝ። ቆይቶ ቆይቶ ቀስ ብሎ ተነሣ። «እኛ ቤት ነው፣ ጓድ። አባቴ ጠጅ ቀምሶ ሲገባ ፈረሱን ሳይቀር ያዘፍነዋል።» ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ካድሬው አልሳቀም፤ በጥፊ አላጋውና ከውጭ ጠራራ ፀሐይ ላይ አንበረከከው። እስከ መውጫው ደወል ድረስ በመስኮት አየው ነበር። ማልቀስ ያስጠረጥራል ብዬ እንባዬን ዋጥኩት።

ወደ ቤት ስንሄድ ጉልበቱ ተልጦ ያነክስ ነበር። «ስክሪብቶዋን ሳይ እጄ ቀድሞኝ ሊሄድ ነበር እኮ» አለኝ።

ዛሬ የልጄ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ረጋ ብለው ማሰብ እንዲለምዱ ብሎ በየጠዋቱ ዝም አሰኝቶ ያስቀምጣቸዋል። ምንጣፍ አለ፣ ለስላሳ ሙዚቃ አለ፣ በሩን ተደግፎ የሚጠብቃቸው ሰው የለም። ደስ ይለኛል፤ ትንሽም እቀናለሁ። በቀደም ልጄ «እማዬ፣ ዝም ስንል ስለ ምን ላስብ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አጠገብሽ ስለተቀመጠው ልጅ» አልኳት።