እናቴ ካሴት ላይ የኖረችባቸው ዓመታት

ሶፋው ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ለማስነሣት ስንት ዓመት እንደታገልኩ የማውቀው እኔ ነኝ። ልብ ወለድ ልጽፍ ብዬ የፈጠርኩት የአዲስ አበባ ሰው ነበር። ከረባት ያስራል፣ ሲጋራ ያጨሳል፣ በመስኮት አሻግሮ ያያል። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር አድርግ ብለውም አይሰማኝም። ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ስጀምር ያው እዚያው ሶፋው ላይ አገኘዋለሁ። እኔ ራሴ ሶፋ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ አዲስ አበባንም አላየሁም። ሰቆጣ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ።

ልጅ ሳለሁ እንዲህ አልነበርኩም። የጻፍኳቸው ታሪኮች ትምህርት ቤት በሰልፍ ላይ ይነበቡ ነበር። ከሰልፉ መሀል ሳቅ ስሰማ እግሬ መሬት አይነካም። መምህርት ከሆንኩ በኋላ ግን መጻፍ ማለት ትልቅ ሰው መምሰል መሰለኝ፤ ደስታውም በዚያው ጠፋ። ፈልጌ ፈልጌ ሲያቅተኝ፣ ድሮም አልነበረኝም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ውሸቴን ነበር፤ በጣም ይናፍቀኝ ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እናቴ ከትውልድ ቀያችን ከጋዝጊብላ መጥታ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ታናሽ እህቴ ደግሞ ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እህቴ ትምህርቱን ገና በጠዋቱ ስለተወችው ደብዳቤ አይሆንላትም፤ የምንገናኘው በካሴት ነበር። ድምጿን ቀድታ ወደ አገር ለምትመጣ ልጅ ትሰጣለች፤ ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ በኮረም አውቶቡስ ይደርሰናል። እኔም ቴፕ ተውሼ፣ የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ መልሱን እቀዳለሁ። እናቴ ቴፑን ሞቼ እገኛለሁ ብላ አታናግርም። "ከብረት ጋር ምን ያነጋግረኛል?" ትላለች። አጠገቤ ቁጭ ብላ የምታቀብለኝን እኔ እናገርላታለሁ።

"ደህና ነኝ በያት። ጸሎትሽን አትተዪ በያት። ብርድ እንዳይመታሽ ደርበሽ ልበሺ በያት።"

ይኸው ነው። ሆዷ ውስጥ ያለውን ለሰው የምታወጣ ሴት አልነበረችም።

እናቴ ያረፈችው በአንድ ክረምት ነው፤ ሕመሟ ሳምንትም አልሞላው። ከቀብር መልስ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ ሁላችንንም ሰብስበው "ልጅቱ እንዳትሰማ" አሉ። "በሰው አገር ብቻዋን ተረድታ ማን ደግፎ ያስለቅሳታል? ስትመጣ ትረዳለች።" አገራችን እንዲህ ነው። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ማንም አልተቃወመም፤ ለእኔም ትክክል መሰለኝ።

አርባዋ እንደወጣ ካሴት መጣ። "እምዬን ጉልበቷን እንዴት አደረጋት?" ትላለች እህቴ።

ጥቁር እንደለበስኩ ቴፑ ፊት ተቀመጥኩ። "ጉልበቴን ተሽሎኛል በያት ትላለች" አልኩ። እዚያ ላይ ላበቃ ነበር ያሰብኩት፤ እናቴ ግን ቀጠለች። የጎረቤት ዶሮ የተሰጣ ማሽላዋን እየለቀመች እንዳስቸገረቻት፣ ዶሮዋን ይዛ እንዳሰረቻት፣ ባለቤቷ ስትመጣም "የበላችበትን ክፈይና ውሰጃት" እንዳለቻት አወራሁ። እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም፤ ጎረቤታችን ዶሮ የሚባል ነገር የላትም። ግን እናቴ በራሷ ብድግ አለች፣ ሮጠች፣ ተጣላች፣ ታረቀች። ማንም አላስነሣትም። የማወራውም ቤታችን እንደምናወራው ግማሹን በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጣና፣ ግማሹን በአማርኛ ነበር። ካሴቱ አልቆ ቀጭ ሲል ከነጥቁር ልብሴ እየሳቅኩ ነበር። ከዚያ አለቀስኩ። ሁለቱም ከልቤ ነበር።

መርዶው ከአፌ እንዳያመልጠኝ ካሴቱ ከመላኩ በፊት አጎቴ እንዲሰሙት ተስማምተናል። ገበያ ቀን ከጋዝጊብላ ሲመጡ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ጆሯቸውን ቴፑ ላይ ይደቅናሉ። መጀመሪያ ላይ ፊታቸው የፈታኝ ነበር።

"አሁን ይኸን ማን አውሪ አለሽ?" አሉኝ አንድ ቀን።

"ምን አጠፋሁ፣ አያ?"

"ማር ልትቆርጥ ሄደች ትያለሽ። እህቴ ንብ ስታይ ነጠላዋን ጥላ የምትሮጥ ሴት ናት! አስተካክዪው።"

"ታዲያ ማን ይቁረጠው ይላሉ?"

ትንሽ አሰቡ። "እኔ ልቁረጥላት። እሷ ከሩቅ ሆና ትጩህብኝ።"

አስተካከልኩ፤ እውነትም ያማረው ያኔ ነው። ውሎ ሲያድር አጎቴ የሚሰሙት ካሴት ባይኖርም ይመጡ ጀመር። ገና ሳይቀመጡ "ምን አለች?" ይሉኛል። ማን ብዬ አልጠይቃቸውም።

እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እናቴ ዛሬ ምን ታደርግ ይሆን እያልኩ እቸኩላለሁ። ካሴት ሲዘገይ የማላስችል ሆንኩና ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ያ የልጅነቴ ደስታ፣ ያ ሰው ሳያየው ለብቻ የሚያስቀው፣ ተመልሶ መጣልኝ። ናፍቆቴም በዚያው ልክ ባሰ። ሰው እናቱን በየቀኑ እየፈጠረ እንዴት አድርጎ ይረሳታል?

አንድ ጊዜ እናቴ እኔም ያልጠበቅኩትን ተናገረች። "ናፍቃኛለች በያት። ቂጣ ስቆርስ የእሷን ድርሻ ለይቼ አስቀምጣለሁ፤ እንደሌለች ትዝ የሚለኝ ከዚያ በኋላ ነው በያት።" አጎቴ ሲሰሙት እዚህ ላይ ያርሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ እንጂ አላረሙኝም።

የዚያ ካሴት መልስ ዘገየ። ሲመጣ ግን እህቴ እንደ ወትሮዋ ናት። ስለ ጉልበቷ ጠየቀች፤ "እምዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ቀልደኛ የሆነችው?" አለች፤ መጨረሻ ላይም "የእምዬን ወሬ ረዘም አድርጊልኝ" ብላ ለመነች። አረዘምኩላት። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ከዚያ "ልመጣ ነው" የሚል ካሴት ደረሰን።

እንቅልፍ አጣሁ። በወቅቱ ቢነገራት ኖሮ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። አሁን ግን እየሳቀች፣ እየተጣላች፣ እየናፈቀች የምትጠብቃትን እናት ሰጥቻት በአንድ ጠዋት ልነጥቃት ነው። ይህን ይቅር የሚል ሰው አለ? እናቴን ቀብሬያለሁ፤ የቀረችኝ እህቴ ናት፤ እሷንም በገዛ አፌ ላጣት ነው እያልኩ ቀኑን ጠበቅኩ።

ከአውቶቡስ ስትወርድ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "እምዬስ?" ብትለኝ የምመልሰውን አሰናድቼ ነበር፤ አልጠየቀችኝም። እንደ ወጉ ዘመድ ቤት አሳደርናት። ጎህ ሲቀድ ወገን ሁሉ ተሰበሰበ፤ አጎቴም ተናገሩ። ደረቷን እየደቃች አለቀሰች፤ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘዋት አብረዋት አለቀሱ። ወደ እኔ አላየችም። እኔም ልጠጋት አልደፈርኩም።

ለቅሶው በርዶ እንግዳው ሲበተን ደጃፉ ላይ ሁለታችን ቀረን።

"እታለም" አለችኝ፤ ታላቋ ስለሆንኩ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራኝ እንዲህ ነው። "አውቄ ነበር እኮ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። እምዬ 'ናፍቃኛለች በያት' ስትል ነው ያወቅኩት። በሕይወት ሳለች አንድ ቀን እንዲህ ወጥቷት ያውቃል? የዚያን ዕለት እዚያው አሠሪዎቼ ኩሽና ውስጥ፣ ብቻዬን ተረዳሁ።"

አጎቴ የፈሩት እሱኑ ነበር። "ታዲያ ይኸን ሁሉ ዓመት ስለ ጉልበቷ ስትጠይቂኝ የኖርሽው ለምንድን ነው?"

"ካልጠየቅኩሽ ታቆሚያታለሽ ብዬ ነዋ።"

ያኔ ነው ተጠግቼ ያቀፍኳት። የእናታችንን ለቅሶ ሁለታችን አንድ ላይ ያለቀስነው የዚያን ቀን ነው።

እህቴ ብዙም ሳትቆይ ወደ ቤሩት ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት ከገበያ ባዶ ካሴቶች ገዝታ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረችልኝ። ምን እንድቀዳላት እንደምትፈልግ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። የመጀመሪያውን ቴፑ ውስጥ ከትቼ፣ እናቴ ወሬዋን ከመጀመሯ በፊት፣ በራሴ አፍ "ናፍቀሽኛል" አልኳት።