እማማ ዘሃራ ቅቤ ይዘው ባሕር ሲሻገሩ

ዛሬ ከሚሴ እቤታችን ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን።

ከጅዳ የተመለሰችው እህቴ ከድሮ አሠሪዋ ጋር በስልክ በአረብኛ ስታወራ፣ የአባቴ አክስት እማማ ዘሃራ ከመደባቸው ላይ ሆነው «እንዲያ አይባልም» ብለው አረሟት! ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነው። እኔ ከሰንበቴ ገበያ አልፈው የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር።

«አረብኛ የት ተማሩ?» አልኳቸው።

«ኤደን ነዋ፣ የመን!»

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ባላቸው ለንግድ ባሕር ተሻግሮ ሦስት ዓመት ድምፁ ጠፋ። እማማ የአገራችንን የጨፋን ቅቤ በቆርቆሮ ሞልተው በጭነት መኪና አሰብ ወረዱ፤ ከዚያ በጀልባ ኤደን ገቡ። ጠይቀው ጠይቀው አገኙት፤ የጨርቅ ሱቅ ከፍቶ፣ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ታቅፎ።

«ታዲያ ምን አሉት?»

«‹ቅቤ ይገዛሉ ወይ፣ ጌታው?› አልኩት።»

«ገዛ?»

«ወላሂ፣ ዋጋ እንኳ ሳይከራከር ገዛ። የቀረውን ለጎረቤቶቹ ሸጬ፣ ፍቺዬን ተቀብዬ፣ ሽርጥና ሻሽ ገዝቼ ተመለስኩ።»

(እኔ ብሆን ቅቤውን አናቱ ላይ ነበር የምደፋው።)

ከዚያ በኋላ ለንግድ ብቻ አራት ጊዜ ተመላልሰዋል።

«ባሕሩ አያስፈራም ነበር?»

«መጀመሪያ አልቅሻለሁ። በሁለተኛው ግን ማዶ ምን እንደሚሸጥ ለማየት ቸኮልኩ።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እናንተ ቤትስ ባሕር ተሻግሮ የነገደ ሰው አለ? ዛሬውኑ ጠይቁና የነገሯችሁን እዚሁ ጻፉልኝ።