ለአንድ ፊርማ ከልደታ እስከ ጀሞ

ቅዳሜ ጠዋት ከልደታ ኮንዶሚኒየም የወጣሁት ለአንድ ፊርማ ነው። በፌስታል የመመረቂያ ጽሑፌን ረቂቅ፣ የተሞሉ ስልሳ መጠይቆችና ጃንጥላ ይዣለሁ። አማካሪዬ አራተኛውን ምዕራፍ አይተው ከፈረሙልኝ ጽሑፉ ይጠረዛል፤ እኔም ዘንድሮ እመረቃለሁ። ካልፈረሙ ያቺን አንድ ኮርስ ታቅፌ ሌላ ዓመት እቀመጣለሁ። በርቀት ትምህርት ማኔጅመንት ተመዝግቤ ሌላውን ሁሉ ጨርሻለሁ፤ የቀረችኝ ይህችው ሪሰርች የምትባል ናት። ባለፈው ዓመትም የቀረችኝ እሷው ነበረች። "የተማረ ይግደለኝ" ያለ ሰው ለሪሰርች ተመዝግቦ አያውቅም።

ርዕሴ የዕድር አስተዳደርና የአባላት እርካታ ነው። አውቀዋለሁ ብዬ ነው የመረጥኩት። ከጌጃ ሰፈር እስከ ልደታ ያለው ጎረቤት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚቀባበርበት ዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። መጠይቁን ራሴ አባዛሁ፣ ቤት ለቤት ራሴ አደልኩ፣ ራሴ ሰበሰብኩ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር አለ፤ አንድ "በጣም አልስማማም"፣ አምስት "በጣም እስማማለሁ" ማለት ነው። ስልሳ በትኜ ስልሳው ተመለሰልኝ። አብረውኝ ከሚማሩት ግማሹን እንኳ ያስመለሰ ስለሌለ ትንሽ ኮርቼ ነበር።

ሜክሲኮ

አቶ ደረጀ፣ አማካሪዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜክሲኮ አጠገብ ባለው የኮሌጁ ማስተባበሪያ ቢሮ ይገኛሉ ይባላል። ይባላል እንጂ እኔ ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች ሄጄ ያገኘሁት ወንበራቸውን ነው።

ከልደታ ሜክሲኮ ድሮ በእግር ምንም አልነበረም። ዘንድሮ ለባቡሩ ተብሎ መንገዱ ተቆፍሮ፣ ሰዉ በቆርቆሮ አጥርና በአፈር ክምር መሀል እንደ ፍየል እየዘለለ ነው የሚሄደው። ሌሊት ስለዘነበ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ሳምንቱን ሙሉ በማልፍበት ቀዳዳ ልገባ ስል ዘበኛው ከለከለኝ።

"በዚህ አይታለፍም እህቴ፣ በላይ በኩል ዙሪ።"

"ትናንት በዚህ ነው ያለፍኩት እኮ!"

"ትናንት ክፍት ነበራ።"

ምን ይመለስለታል? ዞርኩ። ቢሮው ስደርስ ጉልበቴ ድረስ ጭቃ ሆኛለሁ። የማስተባበሪያ ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል "አቶ ደረጀ አልገቡም" አለችኝ።

"ቀጠሮ ሰጥተውኛል።"

"ለሁሉም ሰጥተዋል" አለችና በዓይኗ ወደ ኮሪደሩ አመለከተችኝ። አግዳሚው ላይ እንደኔ ረቂቅ የታቀፉ ሰዎች ተደርድረዋል፤ አንዷ ሕፃኗን እያጠባች ነው። የጸሐፊዋን ስልክ ተቀብዬ ለአቶ ደረጀ ደወልኩ። ደግነቱ አነሱት። ጀሞ ቤት እየቀየሩ ስለሆነ መምጣት ከቻልኩ እዚያው እንደሚያዩልኝ ነገሩኝ። ካልሆነ ለሚቀጥለው ቅዳሜ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ጽሑፍ የማስረከቢያው መጨረሻ ነው።

የጀሞ ታክሲ

የጀሞ ሰልፍ አደባባዩን ሊዞር ምንም አልቀረውም ነበር። ታክሲው ሲመጣ ሰልፉ ይፈርሳል፤ ጉልበት ያለው ይገባል፤ የቀረነው እንደገና እንሰለፋለን። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። በአራተኛው ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተጣበቅሁ። ረዳቱ በባቡሩ ቁፋሮ ምክንያት ዙሪያ ነው የምንሄደው ብሎ ከታሪፉ በላይ ጠየቀን፤ ተነጫነጭን፤ ከፈልን።

ሳር ቤትን አልፈን ወደ ጀርመን አደባባይ ስንወርድ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ፌስታሌን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ።

"የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፣ ልጄ?"

ፍርድ ቤቱ ካለበት ከልደታ በኩል ወረቀት ተሸክሞ ለሚንከራተት ሰው ሌላ ምን ይጠየቃል? "አይደለም አባባ፣ የትምህርት ጽሑፍ ነው። ሪሰርች" አልኳቸው።

"ስንት ጊዜ ሆነሽ?"

"ሁለተኛ ዓመቴ።"

"እሱ ይፍረድልሽ" አሉኝ፤ ከልባቸው ነው ያሉት።

አቶ ደረጀ ደጃፍ

ጀሞ ከከተማው ዳር የተተከለ የሕንፃ ጫካ ነው። ሁሉም ሕንፃ አንድ ዓይነት፣ ቀለሙም አንድ ዓይነት፤ ቁጥሩ ቢጻፍም ዝናብ አጥቦታል። ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት ቦታ ተላክሁ። በመጨረሻ አቶ ደረጀን ደረጃ ላይ ከሁለት ወዛደሮች ጋር ፍሪጅ ሲያወጡ አገኘኋቸው። በዕድሜ ከእኔ ያንሳሉ፤ ቢሆንም አማካሪ ናቸውና አንቱ እላቸዋለሁ። ፍሪጁን አስቀመጡ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ ረቂቄንም ፍሪጁ ላይ ዘርግተው ማንበብ ጀመሩ። እኔ እስክሪብቶ አውጥቼ ቆሜያለሁ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ገጹን ወደፊት ወደኋላ አገላበጡት።

"ሁሉም አምስት ነው።"

"አዎ፣ በጣም ረክተዋል" አልኩ ደስ ብሎኝ።

"ስልሳ ሰው? በሃያ ጥያቄ? አንድም ሰው አራት አላለም?" መጠይቆቹን ተቀብለው አዩ። "ማን ነው ያስሞላው?"

"እኔው ራሴ።"

"አንቺ በዕድሩ ውስጥ ምንድን ነሽ?"

"ጸሐፊ።"

 አቶ ደረጀ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። "ይህ መረጃ አይደለም፣ ምርቃት ነው። በዚህ ላይ አልፈርምም። ስልሳው ይቅርብሽ፤ እውነቱን የሚነግሩሽ አሥር ሰዎች አነጋግረሽ ምዕራፉን እንደገና ጻፊውና ቅዳሜ አምጪ።" ከዚያ ፍሪጁን በአንድ በኩል አነሱ። "ይቅርታ፣ መንገድ ልቀቂልን።"

መንገድ ለቀቅሁ። ከሕንፃው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። የንዴት ለቅሶ ነበር። በሳምንት ውስጥ እውነት የሚናገር አሥር ሰው ከየት ይመጣል? ስልሳውስ ምን ሲሉ ነው እንዲህ የተስማሙት?

እትዬ አስናቀች ቤት

እዚያው ጀሞ እትዬ አስናቀች አሉ። የልደታው አሮጌ ቤታቸው ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም እዚህ የደረሳቸው የዕድራችን አባል ናቸው። ሩቅ ናቸው ብዬ መጠይቅ አልሰጠኋቸውም ነበር። ጀሞ ድረስ መጥቼ ሳልጠይቃቸው መመለስ ነውር ነውና ሄድኩ። ገና በሩን ሲከፍቱ ዓይኔን አይተው "ሙሉዬ፣ ማን ሞተ?" አሉኝ።

"ማንም። እኔ ነኝ የሞትኩት።"

ሽሮ አቀረቡልኝ። እየበላሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። አምስቱ ጋ ስደርስ ጉርሻቸውን በእጃቸው ይዘው በሳቅ ፈነዱ።

"ጎረቤትሽ ዘይነባ በስልክ ነግራኝ የለ! 'ሙሉ ፈተና ላይ ናት፣ ማርክ የምንሰጣት እኛ ነን አሉ፣ ሁላችንም አምስት ከአምስት ሰጠናት' ብላ። ልጃችን ትውደቅ እንዴ? እኔም እዚያ ብኖር አምስት ነበር የምሰጥሽ።"

 ያ ሁሉ ወረቀት፣ ያ ሁሉ ፎቶ ኮፒ፣ ለካ ጎረቤት እኔን ሲያርም ነው የከረመው!

"እሺ፣ አሁን እውነቱን ይንገሩኝ" አልኳቸው። "በዕድሩ ረክተዋል?"

ሳቃቸው ቆመ። "ወርሃዊውን እከፍላለሁ። ለቅሶ ሲኖር ሁለት ታክሲ ይዤ እመጣለሁ፤ ባለፈው ቀብሩ ካለቀ ደረስኩና ቀሪ ተባልኩ። እሱስ ይሁን። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እዚህ በር ለበር ያለችው ሴት ስሜን አታውቅም። ድንኳኑ ልደታ፣ ሰዉ ልደታ። እኔ እዚህ ብሞት እስክትሰሙ ስንት ቀን ይሆናል?"

 ጻፍኩት።

ልደታ፣ ሲመሻሽ

ስመለስ የብሎካችን ሴቶች ግቢው ውስጥ ልብስ እያነሱ ነው። በር ለበር የምንኖረው ዘይነባ፣ የወሎ ሰው ናት፣ ከሩቅ ስታየኝ ጮኸች።

"አለፍሽ?"

"ወደቅሁ። በአምስታችሁ ወደቅሁ!"

ተሰበሰቡ። አስረዳኋቸው፤ ድምፄ ሳይከፋ አልቀረም። ዘይነባ ደረቷን መታች። "ምነው ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪንም? ወረቀቱን አምጪው፤ አሁኑኑ አንድ አንድ እናደርግልሻለን!" ሌሎቹም "አዎ፣ አንድ እናድርግላት" እያሉ እጃቸውን ዘረጉ።

አንዲት ሴት ከዚህ በላይ ምን ትሁን? "ለእኔ ብላችሁ ምንም አታድርጉ!" አልኩ። "ያለውን፣ የሆነውን ብቻ ንገሩኝ።"

 ሁሉም ልብሱን ማጠፍ ጀመረ። በመጨረሻ ዘይነባ ቀና አለች።

"አንድ ነገር ልናገር? ግን ለትምህርትሽ ስል ነው፤ እንዳታዝኚብኝ።"

"አላዝንም።"

"አባቴ የሞተ ጊዜ ወንዶቹ ጀናዛውን ይዘው ለቀብር ወጥተው ገና አልተመለሱም ነበር። አንቺ ድንኳኑ ውስጥ ቆመሽ ስም ጠራሽ፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ። ደንቡ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ስለ አባቴ አንድ ሰው እንኳ ምንም ሳይለኝ የአባላቱን ሁሉ ስም ሰማሁ። እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።"

 "ልጻፈው?"

"የሚያሳልፍሽ ከሆነ ጻፊው።"

ከእሷ በኋላ ሌሎቹም ተናገሩ። አሥር ሰው አይገኝም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ወረቀት ነው ያለቀብኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አቶ ደረጀን ቢሯቸው አገኘኋቸው። ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፣ የዘይነባን ቃል ሁለት ጊዜ አነበቡና ፈረሙ። አለፍኩ። ጉዞው ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ የሚወድህ ሰው መጀመሪያ የሚሰጥህ ምርቃቱን መሆኑን ነው፤ እውነቱን ከፈለግህ ተቀምጠህ መለመን አለብህ።

ጽሑፉ ተጠርዞ በገባ ሰሞን ጌጃ ሰፈር ለቅሶ ሆነ። ሰዉ ከቀብር ተመልሶ ድንኳኑ ሲሞላ የዕድሩ ዳኛ "ጸሐፊ፣ ስም ይጠራ" አሉ። መዝገቡን ይዤ ተነሳሁ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። አፌን ከፈትኩ፤ የመጀመሪያው ስም አልወጣ አለኝ።

"ዛሬ አልጠራም" አልኩና እሳቸው አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።