ባሮ ማታር ሳይደርስ

ልጅ ሳለሁ፣ የጋምቤላው ቤታችን ከባሮ ወንዝ ብዙም ስለማይርቅ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የአባባ ኦሞድ የእሳት ጭስ ግቢያችን ድረስ ይመጣ ነበር። አባባ ኦሞድ ዕድሜያቸውን በዓሣ ማጥመድ ያሳለፉ የአኝዋ ሽማግሌ፣ የቅርብ ጎረቤታችን ነበሩ። አባቴ ከደጋ የመጣ መምህር ነው። ያኔ ጭሱ ሲሸተኝ የቤት ሥራዬን ጨርሻለሁ ብዬ እዋሽና ወደ እሳታቸው እሮጥ ነበር።

የእሳቸው ደንብ አንድ ነበር፤ ከአንድ ሳህን አብሯቸው በእጁ ያልበላ ተረት አይሰማም። ፍም ላይ የጠበሱትን ዓሣና የበቆሎ ገንፎ መሀል ያስቀምጣሉ፤ ጣቴን እያቃጠለኝ እጎርሳለሁ፤ ከዚያ ይጀምራሉ። ያን ሰሞን የያዙት ተረት ባሮ ሰው ሳለ ያደረገው ጉዞ ነበር። ባሮ አገር ማየት ያማረው ጎልማሳ ነበር አሉ። ከደጋ ወርዶ ጋምቤላ ሲደርስ አብልተውት፣ ጠግቦ ጋደም አለ፤ እዚህ ጋ ሰፍቶ ቀስ ብሎ የሚፈሰው ለዚህ ነው። ቁልቁል ኢታንግ ከተማ ደርሶ ገበያውን ሲዞር ሰነበተ። ከዚያ በታች ካለችው ከተማ ከማታር ሲደርስ የሆነውን ግን «ነገ» ብለው አሳደሩት።

በማግስቱ የአጎቴ ልጅ ሰላም ለትምህርት ቤት እረፍት ከአዲስ አበባ መጣች። አባቴ ከተማውን እንዳሳያት አዘዘኝና ድልድዩን፣ የማንጎ ዛፎቹን፣ ገበያውን አዞርኳት። ሁሉንም ሳሳያት ፊት ፊቷን ነበር የማየው። እሷ ሙቀቱንና ጫማዋ ላይ ያረፈውን አቧራ ብቻ ነው ያየችው። ያኔ በተወለድኩበት ከተማ ማፈር ጀመርኩ፤ ማፈር እንዴት ቀላል እንደሆነም ገረመኝ።

ስንመለስ አባባ ኦሞድ ከእሳቱ ዳር አዩኝ።

«ነይ! እንግዳሽንም አምጪ! ዛሬ ማታር እንገባለን!»

ሰላም ሳህኑን አየችና አፍንጫዋን ያዘች። «አንቺ ከዚህ ትበያለሽ እንዴ?»

«እኔ? ምን በወጣኝ!» አልኩ። አልበቃኝም። «ሰውዬውንም አላውቀውም።»

አንቱታውን እንኳ ጣልኩት። አባባ ኦሞድ አማርኛ አሳምረው ይሰማሉ። ጎንበስ ብለው ዓሣውን አገላበጡ።

ሰላም በሄደች ዕለት አመሻሹ ላይ እንደ ልማዴ ሄድኩ። «መጣሽ?» ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ገቡና የታጠበ ሳህን ለብቻው፣ ከላዩ ማንኪያ ይዘው ወጡ።

«ለእንግዳ ማንኪያ አለ» አሉኝ።

በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ድምፃቸው የደግ ሰው ድምፅ ነበር። ዓሣውን በማንኪያ በላሁ። አባቴ ደህና መሆኑን፣ ሰላም በሰላም መግባቷን ጠየቁኝ። ስለ ባሮ አንድም ቃል አልተነሳም። «ይቅርታ አባባ» ማለት አፌ ላይ ነበር፤ እጄን ዘርግቼ ከሳቸው ሳህን መጉረስም ይበቃ ነበር። አላደረግኩትም። ዝናቡ ሳይገባ ልጃቸው ወደምትኖርበት ከተማ ወደ ፑኝዶ ወሰደቻቸው፤ እዚያው ማረፋቸውን ከዓመታት በኋላ ሰማሁ።

ዛሬ ሥራዬ ጋምቤላን ለእንግዶች ማስጎብኘት ነው። ድልድዩን ሲያዩ ፊታቸውን መሰለል ትቻለሁ። ወንዝ ዳር የተጠበሰው ዓሣ ሲቀርብ ማንም አፍንጫውን ሳይዝ እኔ ቀድሜ በእጄ እጎርሳለሁ፤ አንዳንዶቹ ለሥራዬ ስል ይመስላቸዋል። የባሮንም ጉዞ እነግራቸዋለሁ፤ ኢታንግ ላይ አቆማለሁ።

«ከዚያስ? ማታር ሲደርስ?» የሚል አይጠፋም። ባለፈው አንዷ እንግዳ «ከራስሽ ጨምሪበትና ጨርሺዋ!» ብላ ሳቀችብኝ። መጨመሩ አያቅተኝም ነበር።

«የነገሩኝ ሽማግሌ ሳይጨርሱልኝ ቀሩ» አልኳት። «ታውቂያቸው ነበር?» አለችኝ።

«አዎ፣ አውቃቸው ነበር» አልኩ። ያን ቀን ለሰላም ማለት የነበረብኝ ይህንኑ ብቻ ነበር።