ውሃ ለወደደ ውሃ

ልጅ ሳለሁ ጎባ ውስጥ በየቤቱ ተረት ሲነገር የሚጣሉት ጅብና ቀበሮ ነበሩ፤ ጋሽ ቢራቱ ቤት ግን የሚጣሉት ጀርመኖች ነበሩ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ያኔ ግን እኛ ልጆቹ እንደ ተረት ነበር የምንሰማው፤ ምድጃው ውስጥ የጥድ ግንድ እየተንጣጣ፣ ፋኖሱ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ፣ የሳነቴ ተራራ ብርድ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ጀርባችንን ሲያደርቀው ፊታችን በፍሙ እየተጠበሰ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ።

ጋሽ ቢራቱ ከወለጋ የመጡ ድሬሰር ነበሩ። መርፌ ስለሚወጉ ከተማው «ሐኪም» ይላቸዋል። የእኛ የወንጌል አማኞች ማኅበር ሽማግሌም እሳቸው ናቸው። ማኅበር ስል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እሑድ እሑድ እሳቸው ሳሎን ውስጥ ተጨናንቀን የምንቀመጥ ጥቂት ቤተሰቦች ነበርን። ማክሰኞ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ደግሞ ልጆችን ሰብስበው ታሪክ ይነግሩናል፤ እኛን ሊወስዱ የመጡ ወላጆችም ከኋላ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ዛሬም ሳወራቸው አንቱ እላቸዋለሁ። ቁጣዬ ከአንቱታ ጋር አይጣላም።

ታሪኩ ሁልጊዜ የሚጀምረው በአንድ ጀርመናዊ መነኩሴ ነው። መነኩሴው የኃጢአት ይቅርታ እንደ ገበያ ዕቃ ሲሸጥ አይቶ ይቆጣል፤ ይጽፋል፤ ይከራከራል፤ በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱና መኳንንቱ ፊት አቁመውት የጻፍከውን ካድ ሲሉት አልክድም ይላል። እዚህ ሲደርሱ ጋሽ ቢራቱ ከበርጩማቸው ብድግ ይላሉ፤ ጥላቸው ግድግዳውን ይዞ ጣሪያ ድረስ ይወጣል። ያኔ መነኩሴው እሳቸው ራሳቸው ይመስሉኝ ነበር።

ከመነኩሴው ቀጥሎ የእናታቸው ታሪክ ይመጣል። እናታቸው ልጃቸውን ሊጠይቁ ከወለጋ መጥተው ጎባ ላይ ታመው አረፉ። ኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ ውስጥ ለመቅበር ቢጠየቅ «ጸረ ማርያም እዚህ አይገባም» ተባለ። አስከሬኑ ቤት ውስጥ እንደተኛ፣ ሰው ሁሉ ግራ ገብቶት ሳለ፣ ከቶጎና ወንዝ ማዶ የሚያርሱ ኦቦ ከድር የሚባሉ ሙስሊም ገበሬ ሰምተው መጡ። «የሞተ ሰው ደጅ አያድርም» አሉ። «ከገብሴ ዳር ያለችውን ቁራሽ ውሰዱ። እንግዲህ የእናንተ ናት።» በምላሹ ምንም አልተቀበሉም። የማኅበራችን መቃብር የሆነችው ያቺ ቁራሽ መሬት ናት፤ ዙሪያዋን በእሾህ ያጠረው ደግሞ አባቴ ነው። ጋሽ ቢራቱ ይህን ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ «ልጆቼ፣ አፈር የተከለከለ ሰው ምን እንደሚሰማው እኔን ጠይቁኝ» ይላሉ። እኛም አብረን እናለቅሳለን።

ሦስተኛው ታሪክ የሚነገረው አልፎ አልፎ ነበር፤ እሱም የዳግም አጥማቂዎቹ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ይህንንም አስተማሪ ሳይኖረኝ፣ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ እየለቃቀምኩ የደረስኩበት ነው።

የያኔዎቹ ተሐድሶ አራማጆች አንድ ወገን አልነበሩም። ዋናዎቹ ትምህርቱ ይታረም፣ ቤተ ክርስቲያንና ከተማ ግን እንደ ድሮው አንድ ይሁኑ የሚሉ ናቸው። ቅዳሴው መቼ እንደሚለወጥ፣ ሥዕሉ መቼ ከግድግዳ እንደሚወርድ የከተማው ሸንጎ ይወስናል፤ መስፍን ይጠብቃቸዋል፤ ከተማዋ ውስጥ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ይጠመቃል። ስለዚህ ጥምቀቱ ያገር ልጅነትም ጭምር ነበር፤ ሕፃኑን አላስጠምቅም ያለ ሰው ቄሱን ብቻ ሳይሆን ሹሙንም ነው እምቢ ያለው። ሌሎቹ፣ ዳግም አጥማቂ የተባሉት፣ ከነዚሁ ሰዎች ጋር አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠው አንድ መጽሐፍ ሲያነቡ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። መጽሐፉ ካለው ሸንጎውን ምን እንጠብቃለን አሉ። ሰው በሕፃንነቱ ቢጠመቅም እንደገና አምኖ፣ በራሱ አፍ ተናግሮ ይጠመቅ፤ ቤተ ክርስቲያን ሰይፍ አትያዝ አሉ። አንዲት የስዊስ ከተማ ሸንጎ፣ ያውም ተሐድሶውን የተቀበለው ሸንጎ፣ እንዲህ ያሉትን ሰዎች እጅና እግራቸውን አስሮ ወንዝ ውስጥ አሰጠማቸው። ከዳግም አጥማቂዎቹ መካከል በኋላ ከተማ በጉልበት ይዘው፣ ንጉሥ አንግሠው፣ ደም ያፈሰሱ እንዳሉም አልደብቅም።

ጋሽ ቢራቱ ግን ያቺን የደም ከተማ አንድ ሙሉ ምሽት ይተርኳታል። የሰጠሙትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፏቸዋል፤ «ውሃ ውሃ ሲሉ ከረሙ፤ ሸንጎውም ለወደዱት ውሃ፣ ውሃ ሰጣቸው» ብለው ይስቃሉ። ልጆቹም ወላጆቹም እንስቅ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከኋላ የተቀመጠችው አክስቴ ጫልቱ፣ የእናቴ ታናሽ፣ አልሳቀችም።

«ጋሽ ቢራቱ፣ ሰው ገድለው ነበር እንዴ እነዚህ የሰጠሙት?»

«የለም። እነዚህስ አልገደሉም።»

«ሰርቀው?»

«ሥርዓት አፈረሱ እኮ፣ ጫልቱ።»

«መነኩሴውስ ምን ሲያደርግ ነበር?»

ጋሽ ቢራቱ በብረት መቆንጠጫው ፍሙን ገለበጡት። «አንቺ ጠበቃ መሆን ነበረብሽ፤ ወታደር አግብተሽ ቀረብሽ» አሉ። ሳቁ እንደገና ቤቱን ሞላው፤ ነገሩም በሳቅ ተሸፈነ።

ጫልቱ ግን አልተወችውም። ከሻሸመኔ በኩል የመጣ አንድ ወጣት አስተማሪ ጥቂት ሰዎችን ቶጎና ወስዶ ሲያጠምቅ እሷም ከነእርግዝናዋ ወንዝ ገባች። ተመልሳ ስትመጣ ነጠላዋ ሰውነቷ ላይ ተጣብቆ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ትስቅ ነበር። ወንድ ልጅ ወለደች፤ ነቢ ብላ ጠራችው። እንዲያስጠምቁት ለጋሽ ቢራቱ አላመጣችላቸውም። «ሲያድግ ራሱ ይጠይቅ» አለች።

ባሏ ከጦሩ ጋር ርቆ ስለነበር የምትኖረው እኛ ጋ ነው፤ ጋሽ ቢራቱ ቤታችን ድረስ መጥተው ለመኗት። ፍርሃታቸው ይገባኛል። የአውራጃ ገዢው ጽሕፈት ቤት አስጠርቷቸው፣ ዝም ብላችሁ እስከተቀመጣችሁ አንነካችሁም፣ ወንዝ ለወንዝ የሚዞሩትን ግን እናስራለን ተብለው ነበር። ገዢው የማኅበራችን ጥላ ነው፤ ጥላው እንዳይነሳብን ነው የሚሉት። እንግዲህ ዋናዎቹ ተሐድሶ አራማጆች ያሉትም ይህንኑ ነው።

ነቢን ትክትክ ያዘው። ጋሽ ቢራቱ ሌት ተቀን ተመላልሰው አከሙት፤ እውነቱን ማውጣት አለብኝ፣ ተንበርክከው እያለቀሱ አከሙት። ልጁ ግን ሞተ።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ ትንሿን ሣጥን ታቅፎ፣ ጫልቱ እናቴን ተደግፋ፣ እኔም ከኋላቸው ሆኜ ቶጎናን ተሻገርን። ጋሽ ቢራቱ መቃብሩ በር ላይ ቆመዋል። አባቴ ያጠረው እሾህ እንደተዘጋ ነው።

«እዚህ አይሆንም» አሉ።

አባቴ ያልሰማ መሰለ። «ጋሼ፣ ሕፃን እኮ ነው።»

«መሆኑን አጣሁት? ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። ግን ያልተጠመቀ፣ ያውም የዳግም ተጠማቂ ልጅ፣ ዛሬ እዚህ ከተኛ ነገ ሁሉም ወንዝ ይወርዳል። ገዢው ዘንድ የሚጠራው ማን ነው? እኔ ነኝ።»

ጫልቱ ከእናቴ ትከሻ ቀና አለች። «እናትዎ እዚህ ሲገቡ በር ላይ ማን ቆሞ ነበር?»

ጋሽ ቢራቱ መሬት መሬት አዩ። በሩን ግን አልለቀቁም።

ኦቦ ከድር እርሻቸውን ሲያርሙ ኖሮ ድምፅ ሰምተው መጡ። ሣጥኑን አዩት። «ሙጫን መል ጎዴ?» አሉ፤ ሕፃኑ ምን አደረገ ማለታቸው ነው።

«ኦቦ ከድር፣ ይሄ የእኛ የውስጥ ጉዳይ ነው» አሉ ጋሽ ቢራቱ።

«እናትህን ስታመጣ ውስጥና ውጭ አልነበረህም፣ ሐኪም።»

«እንግዲያው መሬትዎን ይውሰዱ።»

«እኔ? የሰጠሁትን ልቀማ?» ኦቦ ከድር ተፉ። «ነውር ነው። አጥርህ ያንተ ነው፣ ክፈት ብዬም አላዝህም። ከአጥሩ ወዲህ ግን እርሻው የእኔ ነው።»

ዞረው ዶማ አመጡ። አረንጓዴ ገብሳቸው ላይ፣ ከእሾሁ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ መቆፈር ጀመሩ። አባቴ ያን ጊዜም ሣጥኑን እንደታቀፈ ቆሞ ነበር፤ አጥሩን ያጠረ እጁ አንዲት እሾህ አላነሳም። በጋሽ ቢራቱ የተናደድኩትን ያህል በአባቴም ተናድጃለሁ። እናቴና ጫልቱ በእጃቸው አፈር መለሱ።

ማክሰኞ ሲመጣ እንደ ልማዱ ሄድን። አባቴ ካልሄድን ሰው ያወራል አለ። ምድጃው ይነዳል፣ ፋኖሱ ምሰሶው ላይ ነው። ጋሽ ቢራቱ የመነኩሴውን ታሪክ ጀመሩ፤ አልክድም የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ከበርጩማቸው አልተነሱም። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ጋሽ ቢራቱ፣ ወንዝ ውስጥ የተጣሉት የት ተቀበሩ?»

«መጽሐፉ አይናገርም፣ ልጄ።»

«ገበሬ አልነበረም?»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ቢራቱ መቆንጠጫውን አንስተው ፍሙን መቱት፤ ብልጭታው ተበትኖ ጠፋ። «በሉ የዛሬው ይበቃል» አሉ። ከዚያ ወዲያ ያን ቤት አልረገጥኩም። ጫልቱም ብዙ ሳትቆይ ሮቤ ወረደች።

ዛሬ ሳስበው፣ ሳያውቁ ቢያደርጉት ኖሮ ይቅር ለማለት ይቀለኝ ነበር። የሚያቃጥለኝ ማወቃቸው ነው። አፈር መከልከልን እንደሳቸው አድርጎ የሚተርክ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። የስዊሱ ሸንጎም የተሐድሶ ወገኖቹ የተሰደዱበትን ዘመን እንዲሁ እያለቀሰ ይተርክ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ሰው የራሱን ስደት ተረት ካደረገው፣ ተረቱን እየተረከ ሌላውን ማሳደድ አያቅተውም። ያንን ከመጽሐፍ በፊት ያስተማረኝ የጋሽ ቢራቱ ምድጃ ነው።

እሾሁ ዛሬ አድጎ ሕያው አጥር ሆኗል። ጋሽ ቢራቱም አሁን ድረስ ማክሰኞ ማክሰኞ መነኩሴውን ይተርካሉ አሉ። ከአጥሩ ወዲህ ገብሱ በየዓመቱ ይዘራል። ኦቦ ከድር ሲያርሱ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ጅራፉን ዝቅ አድርገው በሬዎቹን በቀስታ ያዞሯቸዋል። አሁንማ በሬዎቹ ለምደውት ሳይነገራቸው ይዞራሉ።