ያልተገጠመው እጅጌ

ጋሽ ሜትር ይህን ስም ያገኙት የልብስ መለኪያቸው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ሲቆርጡ እጃቸው ተሳስቶ አያውቅም። በስተርጅና ግን አንዲት የጣሊያንኛ ቃል መቆሚያ መቀመጫ አሳጣቻቸው።

ባሕር ማዶ የተወለደው የልጅ ልጃቸው ከጣሊያንኛ ሌላ አያውቅም። "አያቴ የማያናግረኝ ከሆነ አልመጣም" አለ ብላ ልጃቸው በስልክ ነገረቻቸው። "እጠብቅሃለሁ" ብለው በራሱ ቋንቋ ሊነግሩት ቆረጡ፤ ጡረተኛውን መምህር ጎረቤታቸውንም ለመኑ።

መምህሩ "ቲ አስፔቶ" ብለው ጻፉላቸው። "ቲ" አንተን ማለት ናት፣ አላስቸገረችም። መዘዙ ያለው ሁለተኛዋ ላይ ነው።

"አ፣ ስ፣ ፔ፣ ቶ። አራት ቦታ ትከፈላለች ማለት ነው?" አሉ ጋሽ ሜትር።

"የለም፣ ሦስት። 'ቶ' ጠብቃ ስለምትነበብ አ፣ ስፔት፣ ቶ።"

"እሺ፣ ሦስት።"

"'እኔ' የምትለው ግን ጫፏ ላይ ያለችው 'ኦ' ብቻ ናት። ግንዱ 'አስፔት' ነው።"

"አሁን 'ቶ' አላሉኝም እንዴ? ታዲያ የት ጋ ልቁረጠው?"

"ሲናገሩት እዚያ፣ ትርጉሙን ሲፈልጉ እዚህ።"

"መምህር፣ አንድ ጨርቅ ሁለት ዓይነት ተቆርጦ እንዴት ልብስ ይሆናል?"

ሳምንቱን ግራ እንደተጋቡ ሰነበቱ። ቃሏን ወረቀት ላይ ጽፈው በመቀስ ቢሞክሯትም አልሆነም፤ ባለቤታቸው ቁርጥራጩን ከጨርቁ ብጣሽ ጋር ጠርገው ጣሉት። እጃቸው ግን ሥራ አልፈታም። ለልጁ በግምት ኮት ቆርጠው፣ እንደ ልማዳቸው አንዱን እጅጌ ብቻ ገጠሙ፤ ሁለተኛው የሚለብሰው ሰው ሳይለካው አይገጠምም።

እሑድ ልጃቸው ደወለች። የሕፃኑ ፊት ስልኩን ሞላው።

"ቲ..." አሉ ጋሽ ሜትር። አራቱም፣ ሦስቱም፣ ሁለቱም ባንዴ መጡባቸው፤ አንዱም አልወጣ አለ። ሕፃኑ ቀና ብሎ እናቱን አየ። አፈሩ። እጃቸውን የሚያሳርፉበት ቢያጡ ኮቱን አነሱ።

ሕፃኑ አንድ ነገር ጠየቀ።

"አባዬ፣ ሌላው እጅጌ የት ሄደ ይላል።"

"ክንዱን ሳልለካ አልገጥምም በይው።"

ነገረችው። ሕፃኑ ክንዱን ወደ ስልኩ ዘረጋ።

"በስልክ አይለካም በይው።"

ሕፃኑ ክንዱን ሳያጥፍ ጥቂት አሰበና ተናገረ።

"መቼ ነው የምንሄደው ይላል፣ አባዬ።"

የጋሽ ሜትር ዓይን እንባ አቀረረ። "ቲ አስፔቶ" አሉ፣ የትም ሳይቆርጡት።